የጆሮ ምስክርነትና የመሣሪያ ልኬት፦ የቤት ውስጥ ድምፅ መሣሪያዎች በምን ይመዘኑ?

ጄ. ጎርደን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ስቴሪዮፋይል የተባለውን መጽሔት ሲመሠርት፣ የስፒከርና የአምፕሊፋየር ጥራት ሙዚቃ በማዳመጥ ሊዳኝ ይገባል የሚል አቋም ይዞ ነበር። አቋሙ መሠረት ነበረው። አምራቾች ይፎካከሩበት የነበረው ጠቅላላ የድምፅ መዛባት መጠን በመቶኛ የሚገለጽ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዋናው ድምፅ በሁለት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚፈጠር መዛባት በዋናው ድምፅ ሲሸፈን፣ በሰባትና በስምንት እጥፍ ላይ የሚፈጠረው ግን ጎልቶ ሊሰማ ይችላል፤ ቁጥሩ ሁለቱን ሳይለይ ደምሮ ያቀርባቸዋል።

ይሁን እንጂ የቁጥሩ ጎዶሎነት፣ ገምጋሚው የመሣሪያውን ስምና ዋጋ እያወቀ የሚሰጠውን ፍርድ ወደ ማስረጃነት አይለውጠውም። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ 40 አድማጮች አራት ስፒከሮችን በአንድ ዙር እያዩ፣ በሌላ ዙር ሳያዩ መዝነዋል። ሲያዩ ግዙፎቹና ውዶቹ ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ፤ ትንሹና ርካሹ ወረደ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ አድማጮቹ መሣሪያዎቹን ሲያዩ የስፒከሩ ቦታ በክፍሉ ውስጥ መቀየሩ በድምፁ ላይ ለሚያመጣው ለውጥ የነበራቸው ንቃት መቀነሱ ነው። ዓይን በፍርዱ ላይ አድልዎ ከመጨመር አልፎ፣ ጆሮ ሊያስተውለው የሚችለውን ነገር ጭምር ወስዶበታል።

ስለዚህ «ጆሮ ወይስ መሣሪያ?» የሚለው ክርክር የተሳሳተ ድንበር ያሰምራል። የመሣሪያው ማንነት ተሰውሮ የሚደረግ ማዳመጥ ራሱ ልኬት ነው። ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ሥራ፣ ማስተጋባት በሌለበት ክፍል የተለኩ 70 ስፒከሮችን መረጃ ከአድማጮች ምርጫ ጋር ሲያዛምድ 0.86 የዝምድና መጠን አግኝቷል። የላቦራቶሪው ግራፍ ትርጉም ያገኘው ከአድማጮቹ ነው። (ጥናቶቹ የተሠሩት ስፒከር በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ መሆኑን ግን አንባቢ ሊዘነጋ አይገባም፤ ዝምድናውም የብዙዎችን አማካይ ምርጫ እንጂ የአንድን ሰው ሳሎን አይመለከትም። በታችኛው ፍሪኩዌንሲ ድምፁን በእጅጉ የሚወስነው ክፍሉ ነውና።)

ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሙከራም አለ። ከፍተኛ ጥራት አላቸው የተባሉ ቅጂዎች ወደ ሲዲ ደረጃ ዝቅ ሲደረጉ አድማጮች ልዩነቱን እንዲለዩ ተጠይቀው፣ ከ554 ሙከራዎች በ276ቱ ብቻ ትክክል ሆኑ፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የተለየ ውጤት አይደለም። ይህ ልዩነቱን ፈጽሞ የሚሰማ ሰው የለም ማለት ባይሆንም፣ የማስረዳቱን ሸክም «ይሰማኛል» በሚለው ላይ ይጥላል።

የአድማጭ ምዘናን እንደ መረጃ የሚጠቀም የመመረቂያ ጥናትም በዚሁ መለኪያ ሊፈተሽ ይገባል፤ አድማጮቹ መሣሪያውን አይተው ነበር? የተነጻጸሩት መሣሪያዎች የድምፅ ከፍታ እኩል ተደርጓል? የዴሲቤል ጥቂት ልዩነት እንኳ ጎላ ብሎ የሚሰማውን መሣሪያ «የጠራ» አስብሎ ሊያስመርጠው ይችላል፤ ይህም በተራ ቮልት መለኪያ የሚታረም ነው።