የአይሮፕላን ድጎማ ጠብና የነጋዴው ዕዳ

ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የመካነ ሰላም ነጋዴ ለጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ፣ በአቀስታ በኩል አልፎ ደሴ ይገባል፤ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በአይሮፕላን ይሳፈራል። መካነ ሰላም ራሷ በዓለም የአይሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ኤም ኬ ኤስ በሚል ምልክት የሰፈረች ብትሆንም፣ ነጋዴው በረራውን የሚፈልገው ከኮምቦልቻ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚያገለግለው አይሮፕላን በካናዳ የተሠራው ዳሽ 8 ነው። መንገደኛው የትኬቱን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል፤ የአይሮፕላኑ ዋጋ በምን ዐይነት ሒሳብ እንደ ተቆረጠ ግን የሚነግረው የለም። ነገሩ ግን እስከ ሱቁ መደርደሪያ ድረስ የሚደርስ ነው።

አይሮፕላን እንደ ጨው ወይም እንደ አቡጀዲ ዋጋው በገበያ ብቻ የሚቆረጥ ዕቃ አይደለም። አዲስ ዐይነት አይሮፕላን አስቦ፣ ሠርቶና ፈትኖ ለሽያጭ ለማቅረብ ብዙ ሺሕ ሚሊዮን ዶላርና ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል። ስለዚህ መንግሥታት እጃቸውን ያስገባሉ። የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የእስፓኝ መንግሥታት አይሮፕላኑ ሲሸጥ የሚመለስ፣ ገዢ ካጣ ግን የሚቀር ብድር ለኤርባስ ሲሰጡ ኖረዋል። ቦይንግም በበኩሉ ከአሜሪካ የጠፈርና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች የምርምር ገንዘብ፣ ከዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የግብር ቅናሽ አግኝቷል።

በ1992 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱ ወገኖች የመንግሥት ቀጥተኛ ርዳታ ከአዲሱ አይሮፕላን የማዘጋጃ ወጪ 33 በመቶ እንዳያልፍ ተዋውለው ነበር። በ2004 አሜሪካ ውሉን ትታ ለዓለም ንግድ ድርጅት ክስ አቀረበች፤ አውሮፓም ሳይውል ሳያድር መልሶ ከሰሰ። ነገሩ በመካነ ሰላም ገበያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይመስል ነበር፦ ሁለት ባለሱቆች እያንዳንዳቸው ባለጠጋ ዘመድ አላቸው፤ ዘመዶቹ ገንዘብ እየደጎሙ ስኳሩን በርካሽ ያሸጧቸዋል፤ ከዚያም አንዱ ሌላውን በሽማግሌ ፊት ይከሰዋል። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን አጥፍታችኋል ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ትክክል ነው። እንግዳ የሚሆነው ካሣው የሚሰበሰብበት መንገድ ነው።

ድርጅቱ በኦክቶበር 2019 አሜሪካ በየዓመቱ እስከ 7 ሺሕ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት የአውሮፓ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንድትጨምር ፈቀደ፤ በ2020 ደግሞ ለአውሮፓ ወደ 4 ሺሕ ሚሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ፈቀደ። አሜሪካ በአይሮፕላኑ ላይ የጫነችው 10 በመቶ ሲሆን፣ ከአይሮፕላን ጋር ዝምድና በሌላቸው በወይን ጠጅ፣ በአይብ፣ በወይራና በውስኪ ላይ የጫነችው 25 በመቶ ነበር። በጀርመን የተቆላ ቡናም ከዝርዝሩ ገባ።

ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ናት። ቡና ቆይው በአሜሪካ ገበያው ሲጠብበት፣ ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥሬውን የሚሸጥለትን ነው። የቡና ገቢ ሲቀንስ የውጭ ምንዛሪ ያንሳል፤ ምንዛሪ ሲያንስ የአስመጪው ማመልከቻ በባንክ ይቆያል፤ ቡና ሸጦ የማያውቀው የመካነ ሰላም ባለሱቅም ዕቃ ያጣል። የማይተዋወቁ ሰዎች ዕዳ እንዲህ ተቀባብሎ ይወርዳል።

ድጎማው ለኢትዮጵያ ጉዳት ብቻ ነው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦይንግ ግዢዎች የብድር ዋስትና ሰጥቷል፤ ያለዚህ ዋስትና ወለዱ ይከብድ ነበር። አየር መንገዱ በ2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ኤርባስ ኤ350ን ወደ አፍሪካ ቀድሞ ሲያስገባ፣ የሁለት ተቀናቃኞች ደንበኛ መሆን የሚያስገኘውን ጥቅም አውቆ ነው። በአበባ ላኪውና በሥጋ ላኪው የጭነት ኪራይ ላይ ይህ ጥቅም መታየት አለበት፤ አለዚያ ርካሹ ብድር ከአየር መንገዱ መዝገብ ሳይወጣ ይቀራል።

ሆኖም የሌላ አገር ድጎማ የሚታመን ሀብት አይደለም። የዚያው ባንክ ሥልጣን በ2015 አጋማሽ በምክር ቤታቸው ክርክር ምክንያት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ካናዳና ብራዚልም በአነስተኛ ጄቶች ድጎማ ተካስሰው እያንዳንዳቸው የቅጣት ፈቃድ ቢያገኙም፣ አንዳቸውም ቀረጡን ሥራ ላይ ሳያውሉ ቀሩ፤ ከትላልቆቹ ይልቅ እነዚህ ብልሆች ሳይሆኑ አልቀሩም። አሜሪካና አውሮፓ በጁን 2021 ቀረጣቸውን ለ5 ዓመት አገዱ እንጂ አልሰረዙም።

ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ሲሆን፣ ቅጣቱ በተፈረደበት ጊዜ ገና በድርድር ላይ ነበረች። አባል የሆነ አገር እንኳ በሦስተኛ ወገንነት ሐሳቡን ያሰማል እንጂ ዝርዝሩን አይሠራም። ስለዚህ ላኪው ከመንግሥት ብቻ መጠበቅ የለበትም። ከአውሮፓ ቡና ቆይ ጋር ውል ሲፈራረም፣ ከውሉ ቀን በኋላ በሦስተኛ አገር የሚጣል ቀረጥ የሻጩን ዋጋ እንደማያስቀንስ በግልጽ ያስጽፍ፤ ገዢው እንቢ ቢል፣ ውሉ ለዓመት መሆኑ ቀርቶ ለሦስት ወር ይሁን።