ገበታው ይታያል፣ የከፈለው አይታይም

አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስሙዚየም የተዘረጋ ገበታ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሠዓሊው የሃርለም ከተማው ፒተር ክላስ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1627 ነው። ነጭ ጨርቅ፣ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ወይራ የሞላበት የቻይና ፖርሴሊን፣ በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ቁንዶ በርበሬ። መሐል ላይ ከነላባዋ የቆመች የተርኪ ዶሮ ፓይ አለች።

እንዲህ ያሉት ሥዕሎች ብዙ ጊዜ "የዕለት ተዕለት ምግብ" እየተባሉ ይወደሳሉ። የማን ዕለት ተዕለት?

አንድ በአንድ እንያቸው። ተርኪ የአሜሪካ ወፍ ናት። ቁንዶ በርበሬው ከእስያ በመርከብ የመጣ ነው። ፖርሴሊኑን ሆላንድ ውስጥ ያስለመደው ደግሞ ዝርፊያ ጭምር ነው፤ በ1603 ደቾች ሳንታ ካታሪና የተባለችውን የፖርቱጋል መርከብ ሲንጋፖር አካባቢ ማርከው ጭነቷን አምስተርዳም ላይ ቸበቸቡት።

ይህ ሥዕል ከመሣሉ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1621፣ የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በያን ፒተርስዞን ኩን መሪነት የባንዳ ደሴቶችን ወረረ። ምክንያቱ ገውዝ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ ተሰደደ ወይም በባርነት ተጋዘ። ያ ሁሉ ለቅመም!

"ሠዓሊው ምን አጠፋ?" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ክላስ ያየውን ሣለ፤ እጁም የተባረከ ነበር። ሙግቱ ከብሩሹ ጋር አይደለም። ሙግቱ ሥዕሉን "ጸጥ ያለ ቤት፣ ትሑት ሕይወት" ብለው ከሚተርኩት ጋር ነው።

ሌሎች ደግሞ "የተጋደመው ብርጭቆ፣ የተቆረሰው ምግብ ዓለም ኃላፊ ናት የሚል ስብከት ነው" ይላሉ። ይሁን። ግን ስብከቱ ለበላተኛው ብቻ ነው። ባንዳ ላይ ላለቀው ሰው ዓለም ኃላፊ መሆኗን ማንም በሥዕል ሊነግረው አያስፈልግም ነበር።

በ2019 የአምስተርዳም ሙዚየም "ወርቃማው ዘመን" የሚለውን ስያሜ እንደሚተው ሲያስታውቅ "ታሪክ ተሰረዘ" የሚል ጩኸት ተነሣ። ምን ተሰረዘ? ከግድግዳው የወረደ ሥዕል የለም። የተተወው አንድ የሙገሳ ቃል ነው። ታሪክን የሚሰርዘው የቁንዶ በርበሬውን ውበት እያደነቀ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ የሚጠላው ነው።

በአገራችን አነጋገር የበይ ተመልካች መሆን ክፉ ዕጣ ነው። የባንዳ ሰዎች ግን ይህም አልደረሳቸው፤ ገበታው አጠገብ ቆመው እንኳ አልታዩም። ሥዕሉ ይሰቀል፣ ይደነቅ። ሲደነቅ ግን ሒሳቡን የከፈለው ይጠራ።