ጸበል ጠጥተን ወዴት ነው የምንወርደው?

እኛ የጉለሌ ልጆች ጫት ልናቆም ስንት ጊዜ ማልን? በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንታቀባለን፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተን እንጠመቃለን። ፋሲካ ሲያልፍስ? በሽሮ ሜዳ ቁልቁል፣ እዚያው መቃሚያ ቤት፣ እዚያው ፍራሽ ላይ! ስንጠየቅ "ሰይጣን አሳሳተን" እንላለን። የወረድነው ግን በገዛ እግራችን ነው።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መክረው ነበር። እምነት የራስን ድርሻ አያስቀርም ማለት ነው። የኛ ድርሻስ? የመቃሚያውን ሰዓት በሌላ ነገር መሙላት፣ "ዛሬን ብቻ" የሚለንን ጓደኛ እምቢ ማለት፣ ብንወድቅም ከንስሐ አባታችን አለመሸሽ።

55 ቀን የቻልነውን ሰዎች 56ኛውን ማን ከለከለን?