የጅብ ጥላ የስንት ፍጥረት ስም ነው?

ከአርሲ ነገሌ በስተምሥራቅ ባለው የሙኔሳ ደን፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ዝግባ ሥር ተንበርክኮ የረገፈ ቅጠል ገልጦ ያየ ስንት ሰው አለ? እኔ ያደግሁት አዳማ ነው፤ የማውቀው ግራርና አቧራ ነበር። እዚያ ደን ውስጥ ግን አንድ የበሰበሰ ቅጠል ሳነሣ ሰባት እንጉዳዮች ቆመውበት አገኘሁ። የትልቁ ባርኔጣ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። እግሩ ጥቁርና ቀጭን ሆኖ እንደ ፈረስ ጭራ ፀጉር ይጠነክራል። ስሙን ጠየቅሁ። ያገኘሁት መልስ እናቴ በልጅነቴ የነገረችኝ ነው፦ የጅብ ጥላ።

የጅብ ጥላ የስንት ፍጥረት ስም ነው? የሚበላው፣ የሚገድለው፣ ግንድ ላይ የሚወጣው፣ ኩይሳ ላይ የሚፈነዳው፣ ቅጠል ላይ የሚቆመው ሁሉ በዚሁ ይጠራል። በሬውን ቡሬና ዳልቻ፣ ጤፉን ማኛና ሠርገኛ ብሎ የሚለይ ሕዝብ እዚህ ላይ አንድ ስም እንዴት በቃው? ገበሬውን አልወቅስም። እሱ የሚለየው የሚያርሰውን፣ የሚበላውንና የሚፈራውን ነው፤ ከምስር ያነሰ እንጉዳይ ከነዚህ ውስጥ አይገባም። የምጠይቀው መለየትና መሰየም ሥራው የሆነውን ክፍል ነው።

የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ የስዊድኗ ኢንጋ ሄድበርግና ሌሎች ብዙዎች የደከሙበት ይህ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋትን በስምንት ቅጽ መዝግቧል። የምኮራበት ሥራ ነው። እንጉዳይ አልገባበትም፤ መግባትም አልነበረበትም፤ ፈንገስ በዘር ሐረጉ ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባልና። ታዲያ የፈንገሱ መዝገብ የታለ? ለአበባ 30 ዓመት የሠራች አገር አበባው የቆመበትን አፈር ለሚያበጁት አንድ ቅጽ እንኳ ለምን አልጀመረችም?

ዴቪድ ፔግለር የምሥራቅ አፍሪካን እንጉዳዮች እ.ኤ.አ. በ1977 በመጽሐፍ ሲያወጣ የሸፈነው ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ነው። ሞያሌ ላይ ያቆማል። በሐሩር አፍሪካ ስለሚገኙት ማራስሚየስ የተባሉ ደቃቅ እንጉዳዮች የተጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ቤልጂየም ውስጥ ታተመ፤ ጸሐፊው ቼካዊው ቭላዲሚር አንቶኒን ናቸው። የሙኔሳን ቅጠል የያዘ ሰው በጎረቤት መጽሐፍ እያመሳሰለ እስከ መቼ ይኖራል?

በአገራችን ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ታጠቅ ደጀኔና የስፔኑ ፓብሎ ማርቲን ፒንቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር በወንዶ ገነት የባሕር ዛፍ ተክልና እሳት በነካው የተፈጥሮ ደን የሚበቅሉትን እንጉዳዮች ለቅመው ቆጥረዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በወገን ስም ብቻ የሚመዘገቡትን፣ ዝርያቸው ያልታወቀውን፣ ማን ተረክቦ ይቀጥል? እንደነዚህ ያሉ ናሙናዎች ደርቀው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ተማሪ ሄዶ የሚያያቸው እዚሁ ቅርብ ቦታ እንዲቀመጡ ማን ያስብ?

አቅም የለንም የሚለውን መልስ አልቀበልም። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲሄዱ ከተማው ሳይደርሱ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ቢሾፍቱ ላይ የደብረ ዘይት ማዕከል አለ። የሁለቱም ባለሙያዎች የስንዴ ዋግን ያሳድዳሉ፤ ዋግ ደግሞ ፈንገስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 በአርሲና በባሌ ዲጋሉ የተባለውን ስንዴ ያወደመው የግንድ ዋግ «ቲ ኬ ቲ ቲ ኤፍ» የሚል ባለአምስት ፊደል መለያ አለው። ይህን መለያ ለማግኘት ዋጉን በ20 የስንዴ ዓይነቶች ላይ አሳድጎ የትኛውን እንደሚያጠቃ፣ የትኛው እንደሚቋቋመው ማየት ያስፈልጋል። የአንዱን ፈንገስ ዘር እስከ አምስተኛው ፊደል የሚለይ ዓይንና እጅ በስምጥ ሸለቆው ዳር እያለ፣ ጫካው ውስጥ ያለው ፈንገስ ለምን ስም አጣ? የሚያጠፋንን ብቻ ነው የምናውቀው?

በስልክ ፎቶ አንሥቶ ስም መጠየቅስ አይበቃም? አይበቃም። ስልኩ የሚመልሰው አስቀድሞ በብዛት ካየው ፎቶ ነው፤ ያየው ደግሞ በአብዛኛው የአውሮፓንና የአሜሪካን ነው። ሙኔሳ ላይ ያነሣሁት ማራስሚየስ ይመስለኛል፤ እግሩ እንደ ፀጉር የሆነ ሌላ ወገን ስላለ በዓይን ብቻ አልምልም። ማራስሚየስ የሚለው ስም መጠውለግን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ጤና ጣቢያ ለመነመነ ሕፃን የሚሰጠው ማራስመስ የሚባል የሕመም ስምም ከዚሁ ቃል ነው። ይህ እንጉዳይ ግን ቢደርቅም ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ይቃናል። ዝርያውን ለማወቅ ቀለሙንና ሽታውን ሳይደርቅ መጻፍ፣ ከባርኔጣው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩትን ስስ ክፋዮች መቁጠር፣ የየትኛው ዛፍ ቅጠል ላይ እንደቆመ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ 1,000 ጊዜ አጉልቶ የስፖሩን መጠን መለካት፣ በባርኔጣው ቆዳ ላይ ያሉ ሴሎች ጫፋቸው እንደ መጥረጊያ የተንጨፈረረ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። በመጨረሻ ዲ ኤን ኤው ይነበባል። ደርቆ የተቀመጠ ናሙና ከሌለ ግን ሌላ ሰው ያንኑ ስም በምን ያረጋግጥ?

የቋንቋው ነገርም ያመኛል። በዓለም አቀፉ የስያሜ ሕግ አዲስ የእንጉዳይ ዝርያ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 መጨረሻ በላቲን ብቻ መገለጽ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 ወዲህ በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ መገለጽ አለበት። በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ ገለጻ አይቆጠርም። መለያ ስሙ ግን ከማንኛውም ቋንቋ ሊወሰድ ይችላል፤ የጤፍ ሳይንሳዊ ስም «ኢራግሮስቲስ ጤፍ» ነው። የደኑ ዳር ሰዎች ቃል እንጉዳይ ላይ እንዲያርፍ የጠየቀ አለ?

ሙኔሳ ውስጥ የተፈጥሮ ደን እየተመነጠረ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ሰባብረው ወደ አፈር ከሚመልሱት ጥቂት ፍጥረታት እነዚህ ደቃቅ እንጉዳዮች ይገኙበታል። ዝግባው ሲቆረጥ ከቅጠሉ ጋር የትኞቹ ሄዱ? አስቀድሞ ያልተቆጠረ መጥፋቱ በምን ይታወቃል? በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረን። ችግኙ ሲያድግ የሚያረግፈውን ቅጠል ማን እንደሚያበሰብሰው የጠየቀ የመንግሥት ሪፖርት እስካሁን አላነበብሁም።

ያን ቅጠል በወረቀት ጠቅልዬ አዳማ አመጣሁት፤ ሰባቱም ደርቀው ተጣብቀውበታል። ወረቀቱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ዛፉን ጽፌያለሁ። የስንዴ ዋግ የሚታይበት ማይክሮስኮፕ በክረምት ለአንድ ሳምንት ለደን እንጉዳይ ቢለቀቅ፣ አንድ የባዮሎጂ መምህር ከአሥር ተማሪዎቹ ጋር አጠገቡ ቢቀመጥ፣ ስንዴው ምን ይጎድልበታል?