አድራሻውን በእጅ አትቸክሉ
«እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ ይብቃን። ፕሮግራሙ በአንዱ ኮምፒውተር ተገንብቶ በሌላው «ላይብረሪው አልተገኘም» ብሎ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ላይብረሪው ስለሌለ ሳይሆን የሚቀመጥበት ቦታ ስለተለያየ ነው። የፓኬጅ መጫኛው ሆምብሩ በኢንቴል ማክ ላይ ላይብረሪዎችን የሚያስቀምጠው «ዩዝር ሎካል» ሥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡት የኤም1 ማኮች ላይ ግን «ኦፕት ሆምብሩ» ሥር። በሊኑክስ በኩል ደግሞ ፌዶራ «ሊብ64»ን ሲመርጥ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በፕሮሰሰሩ ዓይነት የተሰየመ ፎልደር ይጠቀማሉ። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን በግንባታ ፋይሉ ላይ በእጅ የሚጽፍ ሰው ችግሩን ለባልደረባው አሳልፎ ሰጠ እንጂ አልፈታውም። የላይብረሪ መፈለጊያ ቦታን የሚጠቁመውን «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ»ን በየተርሚናሉ መለጠፍም ማስታገሻ ነው፤ በዋናነት የሚያገለግለው ፕሮግራሙ ሲነሳ እንጂ ሲገነባ አይደለም። የላይብረሪውን ፍለጋ ለዚሁ ለተሠሩት መሣሪያዎች፣ ለፒኬጂ ኮንፊግ ወይም ለሲሜክ እንተው፤ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ደግሞ ከኮዱ ጋር በጽሑፍ እናስቀምጥ። ከአንድ ሰው ኮምፒውተር ውጭ የማይገነባ ሥራ ገና አላለቀም።