የሐኪም ቤት ንጽሕና ከእጅ ይጀምራል

በአገራችን እንግዳ ወደ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት እጁን መታጠብ የቆየ ወግ ነው። የቤቱ ልጅ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ ከፊቱ ሲቆም እንግዳው «እጄ ያደፈ መሰለህን?» ብሎ አይቆጣም፤ እንዲያውም መርቆት ይታጠባል። ይህ መልካም ወግ ወደ ሕክምና ክፍል ሲደርስ ግን ይቋረጣል። ቁስላችንን ሊነካ የቀረበውን ባለሙያ «እጅዎን ታጥበዋልን?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ጥያቄ ድፍረት ሳይሆን የሕመምተኛው መብት ነው።

በብዙ ሰዎች ግምት ንጹሕ ሐኪም ቤት ማለት ወለሉ የተወለወለ፣ ግድግዳው የተቀባ፣ ሠራተኞቹም ነጭ ካባ የለበሱበት ቤት ነው። ይህ ሁሉ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በዓይን የማይታዩ በመሆናቸው የወለል ማንጸባረቅ ብቻውን ዋስትና ሊሆን አይችልም። ለዚህም ታሪክ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶች ይበዙ የነበረው በሐኪሞቹ ክፍል ነው። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ምክንያቱን ሲመረምር፣ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን በነኩበት እጃቸው ወላዶችን እንደሚነኩ አስተዋለ። ስለዚህም በ1847 ማንኛውም ሰው ወላድ ከመንካቱ በፊት እጁን ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ በጁን ወር ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ። ሆኖም «እናቶችን የሚገድለው የራሳችሁ እጅ ነው» መባሉ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹን አስቆጣ። ዜመልቫይስ በ1865 ሲሞት ሐሳቡ ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የንጽሕና ጠላት ድንቁርና ብቻ ሳይሆን ኩራትም መሆኑን ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሕመምተኛን ከመንካታቸው በፊትና ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም ደምና የሰውነት ፈሳሽ ካገኛቸው በኋላ እጃቸውን እንዲያጸዱ ያዝዛል። በሳሙናና በውሃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ብቻ ይወስዳል። ስለሆነም «ጊዜ የለኝም» የሚለው ምክንያት ሚዛን አይደፋም።

ከእጅ ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚያሻው መርፌ ነው። የተወጋበት መርፌ ክዳኑ ሳይመለስበት ወዲያውኑ ለስለታም ነገሮች በተዘጋጀ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ መጣል አለበት፤ ሣጥኑም ከ4 እጅ 3 እጁ ሲሞላ መዘጋት ይገባዋል። ከተራ ቆሻሻ ጋር የተደባለቀ መርፌ ቆሻሻውን የሚያነሣውን የጽዳት ሠራተኛ ሊወጋ፣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪም ሊያስተላልፍ ይችላል። የአንዱ ቸልተኝነት ዕዳ የሚወድቀው በሌላው ላይ ነው።

ነገር ግን በባለሙያው ላይ ብቻ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም። ቧንቧው በደረቀበት ክሊኒክ «እጅህን ታጠብ» ማለት ከንቱ ትእዛዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከ4 የጤና ተቋማት 1ዱ መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት እንደሌለው ገልጸዋል። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. የጤና ተቋማትን ንጹሕና ከአደጋ የተጠበቁ ለማድረግ የሚያስችል ንቅናቄ ጀምሯል። ጅምሩ ፍሬ እንዲያፈራ ከተፈለገ፣ ውሃ ያልገባለት ክሊኒክ የምረቃ ሪባን ሊቆረጥለት አይገባም እላለሁ። ለግድግዳ ቀለም ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ለውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለሳሙናና ለጽዳት ሠራተኞች ጓንት የሚወጣው ይቅደም።

«ሕመምተኛ ሐኪሙን ከጠየቀ መከባበር ይጠፋል» የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም «ይቅርታ ዶክተር፣ እጅዎን ታጥበዋል?» የሚል የትሕትና ቃል ማንንም አያዋርድም። የሚያዋርደው ለመዳን የመጣ ሰው አዲስ በሽታ ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥያቄው ቁስሉ ከመመርቀዙ በፊት ይቅረብ። አስተዋይ ባለሙያም እንደዚያ እንግዳ ሳይቆጣ እጁን ወደ ውሃው ይዘርጋ።