የአበበ ስም የማን ነው?

የሰሜን ተራራ ልጅ ሩጫ ቻለ ሲባል «ደሙ ነው፣ አየሩ ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። እንግዳው ይለዋል፤ የእኛም ሰው ይደግመዋል። እኔ ደባርቅ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ውርጩ ከገብሱ ማሳ ሳይነሳ ልጆቼን ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ አስሮጣለሁ። ዳገቱን ደጋግማ ወጥታ ጉልበቷን ይዛ የምታለከልክ ልጅ ያየ ሰው ስለ ደም አያወራም። ችሎታ የደም ነው ከተባለ የድካም ዋጋ አይጠየቅበትም፤ እንደ ዱር እንጨት ያገኘው ሁሉ ይለቅመዋል።

አንድ ቱሪስት ለበቅሎ ነጂ ትቶት የሄደውን ጫማ የነጂው ልጅ አድርጎት አንድ ቀን ልምምድ መጣ። አምስቱ የእግር ጣቶች ለየብቻ የሚገቡበት፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ ነው። የዚህ ጫማ አንዱ ሞዴል «ቢኪላ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። አምራቹ ቪብራም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው። የአበበ ቢቂላ ቤተሰብ «ፈቃድ አልሰጠንም» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ፣ ታኮማ ከተማ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 ክሱ ውድቅ ተደረገ፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ነገሩን ከ2011 ጀምሮ እያወቀ ዘግይቷል የሚል ነው።

የእኔን አንጀት ያሳረረው የኩባንያው አገር ነው። ልጆቼ የሚሮጡበትን የሊማሊሞ መንገድ የሠራው ወራሪው ጣሊያን ነው። አበበም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን፣ ከአክሱም በተዘረፈው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ዓለም ከዚያ ድል የያዘው ባዶ እግሩን ነው። የክቡር ዘበኛ ወታደር መሆኑን፣ ኦኒ ኒስካነን እንዳሠለጠነው፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ክብረ ወሰን መስበሩን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ጥቁር ሯጭ የሠለጠነ ባለሙያ ሳይሆን የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ሆኖ እንዲታይ ይፈለጋል። ዘረኝነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ገበያውም የሚሸጠው ያንኑ ሥዕል ነው።

ጥቁር አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኤድ ኦባነን መልኩ በቪዲዮ ጌም ሲሸጥ አይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የኮሌጆቹን የስፖርት ማኅበር ከሰሰ፤ በ2014 ተፈረደለት። ታሪኩንም ራሱ በመጽሐፍ ጻፈው። አበበ ግን ጫማው ገበያ ሲወጣ ካረፈ ከ35 ዓመት በላይ አልፎት ነበር። ስለ እሱ ማን ይሟገት? አገራችን ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስም ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ፈርማለች። ደግ አደረገች። ለቡና የቆመ መንግሥት ለአበበ ስም መቆም ይከብደዋል?

የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለን። አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ከወራሾች ጋር ተቀምጠው የአበበን፣ የማሞ ወልዴን፣ የምሩጽ ይፍጠርን ስም በአገር ውስጥም በውጭም ያስመዝግቡ። በሕይወት ያሉትም ጊዜ ሳያልፍባቸው ይመዝገቡ።

ከዳባትና ከደባርቅ ክለብ ፍለጋ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጆች ደግሞ ከማናጀር ጋር የሚፈርሙት ውል ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወላጆች፣ አደራ፦ ውሉ በሚገባው ቋንቋ ተተርጉሞ፣ የሕግ ሰው አይቶት፣ ስሙንና ምስሉን ለማን፣ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ ሳይነገረው ልጃችሁ እንዳይፈርም።